አሠሪ የመረጠው ዝርዝር

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሥራ የያዘ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሞላቸው ቅጾች ሁሉ ውጤቱ ዘግይቶ የሚታየው የ401ኬ የጡረታ ቁጠባ ገጽ ነው። የጤና መድኅኑን፣ የግብሩን፣ የባንክ ቁጥሩን ሞልቶ ከደከመው በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ከደመወዝህ ስንት በመቶ ይቆረጥ ይላል፤ ይህ አይከብድም። ቀጥሎ የተቆረጠው ገንዘብ የት ይግባ ብሎ ሃያና ሠላሳ የፈንድ ስም ይደረድራል፦ "ግሮውዝ"፣ "ቫልዩ"፣ "ስቴብል"፣ "2050"። በየስማቸው ፊት ለፊት 0.04 ወይም 1.12 የሚሉ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉ። ብዙው ሰው ቀድሞት ለተቀጠረ ጓደኛው ደውሎ "አንተ የቱን ነው ያደረግኸው?" ይላል። ጓደኛውም የመረጠው እንዲሁ ደውሎ ነው።

በዚህ ዝርዝር ጥራት ላይ አሜሪካኖች በፍርድ ቤትም በምርምር ተቋምም ሲከራከሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አንደኛው ወገን ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ለሻጩ እንጂ ለሠራተኛው አልተዘጋጀም፣ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባም በማይታይ ክፍያ ይመነምናል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የ401ኬ ዝርዝር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ መጥቷል፣ ለብዙ ሠራተኛ ብቻውን ሊያገኘው ከሚችለው የተሻለ ነው፣ ስለ ጥራቱ የሚነሳው ጩኸትም ሰውን ከመቆጠብ ያሸሸዋል ብሎ ይመልሳል። በእኛ በኢትዮጵያውያኑ ሰፈር "ተወው ይህን የወረቀት ገንዘብ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ አድርገው" የሚል ሦስተኛ ድምፅ አለ፤ የራሱ ሚዛን የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ነገሩ ሲጀመር ተራው ሠራተኛ ፈንድ እንዲመርጥ ተብሎ አልታሰበም ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ትልልቅ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ቁርጥ ያለ ወርኃዊ ጡረታ ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡን የት እንደሚያውሉት የሚወስኑት እነሱ፣ ቢከስርም የሚሸፍኑት እነሱ ነበሩ። በ1963 የስቱድቤከር መኪና ፋብሪካ በሳውዝ ቤንድ ከተማ ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የተባለላቸውን ጡረታ አጡ፤ ያ ድንጋጤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ኤሪሳ የተባለውን የጡረታ ሕግ ለመውለድ ረዳ። ኤሪሳ የጡረታ ገንዘብን የሚያስተዳድር ሰው ባለአደራ ነው፣ የሚሠራውም ለባለ ገንዘቡ ጥቅም ብቻ ነው አለ። በ1978 በወጣው የገቢ ሕግ ውስጥ ደግሞ 401(ኬ) የምትባል ንዑስ አንቀጽ ገባች። ቴድ ቤና የተባለ የፔንሲልቫኒያ የጥቅማጥቅም አማካሪ አንቀጿን መርምሮ ከደመወዝ ላይ ግብር ሳይነሳ መቁረጥ፣ አሠሪውም "ማች" እንዲያደርግ፣ ማለትም ከራሱ እንዲጨምርበት፣ መጋበዝ እንደሚቻል አየ። ከ1981 ጀምሮ ኩባንያዎች እየተከተሉት ሄዱ። ለእነሱ ከአሮጌው ጡረታ ይልቅ ይህ ቀለለ፤ ክስረቱ ወደ ሠራተኛው ተዛውሯልና።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሠራተኛ ይህ ፍጹም ተቃራኒ ዓለም ነው። በአገር ቤቱ የጡረታ አዋጅ መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። ገንዘቡ የት ይግባ ብሎ ሠራተኛውን የሚጠይቀው የለም፤ አብዛኛው ወደ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ይሄዳል። ምርጫ ባይኖረውም በደመወዙና በአገልግሎት ዘመኑ ተሰልቶ የሚመጣ ወርኃዊ ክፍያ አለው። የዋጋ ንረት ያንን ክፍያ እንዴት እንደሚበላው ደግሞ ጡረተኛ ወላጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። እዚህ በተገላቢጦሽ ነው፤ ምርጫው የሠራተኛው ነው ይባላል፣ ኪሳራውም የእሱ ነው። ግን ምርጫው በእርግጥ የእሱ ነው? ከየትኞቹ መካከል እንደሚመርጥ አስቀድሞ የወሰነው አሠሪው ነው፤ ለአሠሪው ያማከረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩን የሚሸጠው ድርጅት ነው። ወቃሾቹ ክርክራቸውን የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ጠንካራው መከራከሪያቸው የክፍያ ጉዳይ ነው። እነዚያ ጥቃቅን ቁጥሮች በመቶኛ የሚያሳዩት የፈንድ ዓመታዊ ወጪ በየወሩ ቢል ሆኖ አይመጣም። ከፈንዱ ውስጥ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሣ፣ ትርፉ የቀነሰ መስሎ ብቻ ይታያል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ለዚህ የሚጠቀምበት አንድ ስሌት አለ፦ 25,000 ዶላር ያለው ሠራተኛ ከዚህ በኋላ ምንም ሳይጨምር 35 ዓመት ቢጠብቅና ገንዘቡ በዓመት 7 በመቶ ቢያተርፍ፣ ጠቅላላ ክፍያው 0.5 በመቶ ከሆነ 227,000 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ክፍያው 1.5 በመቶ ከሆነ 163,000። የአንድ በመቶ ልዩነት ከመጨረሻው ድምር 28 በመቶውን ወሰደ ማለት ነው። አንድ በመቶ ሲባል ለጆሮ ትንሽ የሚመስለው ከገንዘቡ ጋር ስለምናነጻጽረው ነው። ከትርፉ ጋር ሲነጻጸር፣ ከሰባት አንዱን በየዓመቱ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ክሳቸው ያው ዕቃ በሁለት ዋጋ መሸጡ ነው። አንድ ፈንድ፣ አንድ አስተዳዳሪ፣ አንድ ዓይነት አክሲዮን፤ ግን ለግለሰብ የሚሸጥበት "ሪቴል" ዋጋና ለትልቅ ተቋም የሚሸጥበት "ኢንስቲትዩሽናል" ዋጋ ይለያያሉ። የደቡብ ካሊፎርኒያው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤዲሰን ሠራተኞች በ2007 የከሰሱት በዚህ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የያዘ ፕላን እያለን ለምን በግለሰብ ዋጋ ገዛችሁልን አሉ። ጉዳዩ ቲብል በኤዲሰን ላይ በሚል ስም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2015ም ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ አሠሪው ፈንዱን ሲያስገባ ብቻ ሳይሆን ካስገባ በኋላም እየተከታተለ የማይረባውን የማውጣት ግዴታ አለበት አሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። የሂሳብ መዝገቡን የሚይዘው ድርጅት ክፍያውን በቀጥታ ከአሠሪው በመቀበል ፈንታ ከፈንዶቹ ወጪ ተካፍሎ ያገኛል። አሠሪው "ፕላናችን ነጻ ነው" ብሎ ያስባል፤ መዝጋቢው ደግሞ ውድ ፈንዶች ዝርዝሩ ውስጥ ቢቆዩለት ይመርጣል። ዕቁብ ሲጣል ዳኛውም ጸሐፊውም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ለጸሐፊው የሚሰጠውን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ግን የ2012ቱ መመሪያ ክፍያ በዝርዝር ይገለጽ እስኪል ድረስ ገዢው አሠሪ ሳይቀር ማን ስንት እንደሚወስድ ብዙ ጊዜ በውል አያውቅም ነበር። ከመመሪያው በኋላ ወረቀቱ ይመጣል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉም የከፋው የአሠሪው የራሱ አክሲዮን ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ነው። ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ሲወድቅ ከሠራተኞቹ የ401ኬ ገንዘብ ከግማሽ በላይ የተቀመጠው በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ነበር፤ ኩባንያው በማች የሰጠውን አክሲዮን ደግሞ ሠራተኛው ዕድሜው 50 ሳይደርስ መሸጥ አይችልም ነበር። በአንድ ቀን ደመወዝም ጡረታም ሄደ። የ2006ቱ የጡረታ ጥበቃ ሕግ ይህን በር ጠበብ አድርጎታል፤ ሠራተኛው ከኩባንያው አክሲዮን የመውጣት መብት አግኝቷል። ቁርጥ ያለ ጡረታ የሚከፍል ፕላን በአሠሪው አክሲዮን ላይ ከ10 በመቶ በላይ ማዋል አይችልም፤ 401ኬ ግን ያ ገደብ የለበትም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ቅጹን ሳይሞላ የሚመልስ ሰው ግን ወቃሾቹ ራሳቸው ያላሉትን እያደረገ ነው። የሌላኛው ወገን ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቀላል የማይባል ክርክርም ነው።

አሠሪው ለምትቆጥበው እያንዳንዱ ዶላር 50 ሳንቲም የሚጨምር ከሆነ፣ ገንዘቡ ገና ፈንድ ሳይነካ 50 በመቶ አትርፏል። ዓመታዊ ክፍያው 1.2 በመቶ የሆነ መጥፎ ፈንድ ያንን ለመብላት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። እርግጥ ማቹ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው እስኪሆን በአንዳንድ ፕላን ሦስት፣ በአንዳንዱም እስከ ስድስት ዓመት መቆየትን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሥራ ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ይህን ማየት አለበት። የግብሩ ጥቅም ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል፤ በ2025 አንድ ሠራተኛ በዓመት እስከ 23,500 ዶላር በዚህ መንገድ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ከዚያ በላይ።

ትልልቅ ፕላኖች ውስጥ ያለው ዝርዝር በእርግጥም ተሻሽሏል። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ሆስፒታል ወይም የአየር መንገድ ኩባንያ ግለሰብ በማያገኘው ዋጋ ይገዛል። በባንክ አደራ መልክ የሚያዙ፣ በግል አካውንት የማይገኙ የጋራ ትረስቶች አሉ። ዋናውን ሳይነኩ ከገንዘብ ገበያ ሻል ያለ ወለድ የሚከፍሉት "ስቴብል ቫልዩ" ፈንዶችም አይ አር ኤ በሚባለው የግል የጡረታ አካውንት ውስጥ እንደ ልብ አይገኙም። "ሁሉንም ወደ ራሴ አካውንት ላውጣ" የሚል ሰው አንዳንዴ የተሻለውን ትቶ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ደግሞ ጥራት በምን ይለካ የሚለው ጥያቄ አለ። የፈንድ ድርጅት መሥራቹ ጆን ቦግል በ1976 አክሲዮን ሳይመርጥ ገበያውን በጅምላ የሚከተለውን የመጀመሪያውን የኢንዴክስ ፈንድ ለግለሰቦች ሲያቀርብ የዎል ስትሪት ሰዎች ሳቁበት። ዛሬ በረዥም ጊዜ ስሌት አብዛኞቹ አክሲዮን መራጭ አስተዳዳሪዎች ኢንዴክሱን እንደማያሸንፉ የሚክድ ጥቂት ነው። ከዚህ ተነሥተው ወቃሾች ኢንዴክስ ፈንድ እያለ ሌላ ማቅረብ በራሱ ጥፋት ነው ወደማለት ሲሄዱ ፍርድ ቤቶች አልተከተሏቸውም። ኮመንስፒሪት የተባለው ትልቅ የካቶሊክ የሆስፒታሎች ድርጅት በዚህ ተከስሶ ነበር። ከሳሿ የዚያው አስተዳዳሪ ድርጅት ርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ እያለ ውዱን አቀረባችሁልን፣ ውጤቱም አነሰ አለች። የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ በጥቂት ዓመት ውጤት ማነስ ብቻ አሠሪው አላዋቂ ወይም ቸልተኛ ነበር አይባልም ብሎ። ይህ ፍርድ ለእኔ ሚዛናዊ ነው። ርካሽ መሆን የጥራት ትልቁ ምልክት ቢሆንም ጥራት እሱ ብቻ አይደለም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚጋጩት ዝርዝሩ ምን ያህል ይርዘም በሚለው ላይ ነው። በአንድ ወቅት አሠሪዎች ብዙ ምርጫ ማቅረብ ከተጠያቂነት ያድናል ብለው ያምኑ ነበር። ቺካጎ አጠገብ ያለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ለሠራተኞቹ በጠቅላላው ከ400 በላይ አማራጭ ደርድሮ ነበር። ሲከሰስም የታችኛው ፍርድ ቤት፣ ሠራተኞቹ የሚፈልጓቸው ርካሽ ፈንዶች ከመካከላቸው አሉ አይደል፣ ምን ጎደለባቸው በሚል መንፈስ አሰናበተው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2022 ይህን አልተቀበለም። ጥሩው መኖሩ መጥፎውን ለማቆየት ምክንያት አይሆንም፣ ባለአደራው እያንዳንዱን መመዘን አለበት አለ።

የባሕርይ ኢኮኖሚክስ ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሺና አየንጋርና ባልደረቦቿ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝርዝሩ ላይ አሥር ፈንድ በተጨመረ ቁጥር በፕላኑ የሚሳተፈው ሠራተኛ በመቶኛ ሲሰላ ከ1.5 እስከ 2 ነጥብ እንደሚቀንስ አገኙ። ሰው ምርጫ ሲበዛበት ይተወዋል። ሽሎሞ ቤናርትዚና ሪቻርድ ቴለር ደግሞ ብዙ ሰው የቀረበለትን ያህል ገንዘቡን እኩል የመከፋፈል ዝንባሌ እንዳለው አሳዩ። አራት የአክሲዮንና አንድ የቦንድ ፈንድ ከቀረበለት አብዛኛውን አክሲዮን ላይ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ተገልብጦ ቢቀርብለት ወደ ቦንድ ያዘነብላል። ስለዚህ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ሳያውቀው ምርጫውንም ጽፎለታል።

የስዊድን ታሪክ ከአሠሪ ፕላን ውጭ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። በ2000 መንግሥት ከጡረታ መዋጮ ላይ ጥቂቱን ለዜጎች ምርጫ ሲለቅ 456 ፈንድ አቀረበ፤ "ራሳችሁ ምረጡ" የሚል ከባድ ቅስቀሳም አደረገ። አብዛኛው ሰው መረጠ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልመረጡት ሰዎች የገቡበት የመንግሥት ፈንድ ከመራጮቹ አማካይ ውጤት የተሻለ ሆነ። በኋላም ከፈንዶቹ መካከል የማጭበርበር ቅሌት ወጥቶ መንግሥት ዝርዝሩን ማጥራት ጀመረ።

በሌላኛው ጫፍ፣ በአጭር ዝርዝር በኩል፣ ያለው ምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች ፕላን፣ ቲ ኤስ ፒ ነው። በ1986 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ዋናዎቹ ፈንዶች አምስት ብቻ ናቸው፤ በጡረታ ዓመት የተሰየሙት "ኤል" ፈንዶች ደግሞ ከእነዚሁ ተቀላቅለው የሚሠሩ ናቸው። ክፍያው ከ1,000 ዶላር በዓመት ከአንድ ዶላር በታች ነው። ፖስታ ቤት ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ወገናችን ይህን ዝርዝር በእጁ ይዞ የግል ኩባንያ የሚሠራ ጓደኛውን ቢያማክር፣ ከልቡ የመከረው ምክር ለጓደኛው ላይሠራ ይችላል። አጭር ዝርዝር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጥቂት ፈንድ ብቻ ሲኖር እያንዳንዱ የፖለቲካ ዓይን ያርፍበታል። የውጭ አገር አክሲዮን የሚይዘው "አይ" ፈንድ ቻይናን ወደሚጨምር ኢንዴክስ ሊሸጋገር ሲል በ2020 ከዋይት ሐውስ በመጣ ግፊት ቆመ፤ በኋላ የተመረጠው ኢንዴክስ ቻይናንና ሆንግ ኮንግን ያወጣ ነው። ሚሊዮኖች የሚቆጥቡበትን ፈንድ ይዘት የወሰነው ፖለቲካ ነው።

መምረጥ ላልፈለገ ወይም ላልቻለ ሕጉ ያዘጋጀው መውጫ የታርጌት ዴት ፈንድ ነው። ከ2006ቱ ሕግ በኋላ አሠሪው ሠራተኛውን ሳይጠይቅ አስመዝግቦ ገንዘቡን በጡረታ ዓመቱ በተሰየመ ፈንድ ውስጥ ቢያስገባለት ከተጠያቂነት ጥበቃ አገኘ። እንደ እኔ እምነት ለተራው ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ የረዳ ለውጥ የለም፤ ማንም ሳይደውል፣ ማንም ሳይጨነቅ ገንዘቡ ተሰባጥሮ ይቀመጣል፣ ዕድሜው ሲገፋም ወደ ቦንድ ያጋድላል። ሆኖም በ2008 "2010" የሚል ስም የነበራቸው ፈንዶች፣ ማለትም ባለቤቶቻቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጡባቸው፣ በአማካይ ሩብ ገደማ ከሰሩ፤ 40 በመቶ ያጣም ነበር። ስሙ አንድ፣ ውስጡ የተለያየ። ስለዚህ "ታርጌት ዴት ነው ያለኝ" ማለት ገና ስለ ጥራቱ ምንም አልተናገረም፤ በርካሽ ኢንዴክስ ፈንዶች የተሠራውና በአስተዳዳሪው ድርጅት በራሱ ውድ ፈንዶች የታጨቀው አንድ ዓይነት ስም ይዘው ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ ሳወርድና ሳወጣ ክርክሩ የተሳሳተ መስመር ላይ የተሰመረ ይመስለኛል። የ401ኬ ዝርዝር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለው መልስ የለውም፤ የማን ዝርዝር ነው ተብሎ ካልተጠየቀ በቀር። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጠቅላላ ክፍያው ከግማሽ በመቶ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለው የጥርስ ክሊኒክ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም ምግብ ቤት ግን ከአንድ በመቶ በላይ ቢከፍል አይገርምም። ይህ ሁልጊዜ የስግብግብነት ውጤት አይደለም። የመዝገብ፣ የሕግና የሪፖርት ወጪው ለአሥራ አምስት ሰውም ለአሥራ አምስት ሺህ ሰውም መነሻ አለው፤ ትንሽ ድስት ላይ ሲካፈል በመቶኛ ይገዝፋል። የክሊኒኩ ባለቤት ዝርዝሩን የተቀበለችው ከኢንሹራንስ ወኪሏ ነው፤ በሕግ ባለአደራ መሆኗንም ላታውቅ ትችላለች።

ወቃሾቹ የሚኮሩበት የፍርድ ቤት ትግል እዚህ አይደርስም። ጄሪ ሽሊክተር የተባለው የሴንት ሉዊስ ጠበቃ ከ2006 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲከስ በመላው አገሪቱ ክፍያ እንዲወርድ ማገዙን ተቃዋሚዎቹም አይክዱም። ጠበቃ የሚከሰው ግን ካሳው ለድካሙ የሚበቃውን ነው፤ አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለውን ክሊኒክ የሚከስ የለም። ስለዚህ ሃያ ዓመት የዘለቀው ክርክር ቀድሞም የተሻለ የነበራቸውን ይበልጥ አሻሽሎ፣ የባሰ የነበራቸውን እዚያው ትቷቸዋል። ከእኛ ሰው ብዙው የሚሠራው ደግሞ እዚህኛው በኩል ነው። ኡበርና ታክሲ የሚነዳው ከናካቴው አሠሪ ስለሌለው በዝርዝሩ ለመከፋት እንኳ አልታደለም።

ለዚህ የቀረቡ መፍትሔዎች አሉ። ሜሪላንድ በ2022፣ ቨርጂንያ በ2023 ፕላን ለሌላቸው ሥራ ቦታዎች የክልሉን መንግሥት የቁጠባ ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ነገር ግን አይ አር ኤ ስለሆነ የአሠሪ ማች የለበትም። ከ2021 ጀምሮም የማይተዋወቁ ትንንሽ አሠሪዎች በአንድ ፕላን ሥር ተሰብስበው እንደ ትልቅ እንዲገዙ ተፈቅዶላቸዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን መሰብሰቡ የተመቸው ለሠራተኛው ነው ወይስ ለሰብሳቢው የሚለው በየፕላኑ ይለያያል።

አሁን ርካሽነት ብቻውን ጥራት አይደለም ወዳልሁት ልመለስ። አንድ አጥባቂ ሙስሊም ሠራተኛ ቅጹን ሲከፍት በነባሪ የሚገባበት ታርጌት ዴት ፈንድ ቦንድ አለው፤ ቦንድ ወለድ ነው። ርካሹ የኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ባንኮችና የአልኮል ኩባንያዎች አሉ። "ስቴብል ቫልዩ" ወለድ ነው። ለእሱ ይህ በመቶ ዶላር አራት ሳንቲም የሚያስከፍል ዝርዝር ባዶ ዝርዝር ነው። የሸሪዓን መስፈርት የሚከተሉ ፈንዶች አሜሪካ ውስጥ ከ1986 ጀምሮ አሉ፤ የአማና ፈንዶች ይጠቀሳሉ። ክፍያቸው ግን ከተራ ኢንዴክስ ፈንድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሠሪው እንዲህ ያለ ፈንድ ቢያስገባ ነገ "ለምን ውድ ፈንድ አቀረብህ" የሚል ክስ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ወቃሾቹ ያመጡት ጥሩ ለውጥ እዚህ ላይ ጥላ አለው፤ ዝርዝሮች ርካሽ እየሆኑ ሲመጡ አንድ ዓይነትም እየሆኑ መጥተዋል። አንዳንድ ፕላን ሠራተኛው ከዝርዝሩ ውጭ ወጥቶ የሚገዛበት የብሮከሬጅ መስኮት ይከፍታል። ኤች አርን ስለዚህ መስኮት መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሠራተኞች ተሰብስበው አንድ የሐላል ፈንድ እንዲጨመር በጽሑፍ ቢጠይቁም አሠሪው ውሳኔውን በምክንያት የሚያስደግፍበት ሰነድ ያገኛል።

በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የግል ኩባንያ ድርሻን፣ ሪል እስቴትንና ክሪፕቶን የመሳሰሉ ሀብቶች ወደ 401ኬ የሚገቡበት መንገድ እንዲቃና ያዘዙበት ትእዛዝ ክርክሩን አዲስ ቦታ ላይ አድርሶታል። ደጋፊዎቹ ትልልቅ የጡረታ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት የሚያተርፉበትን ለተራው ሠራተኛ ለምን እንዘጋበታለን ይላሉ፤ በአክሲዮን ገበያ የሚሸጡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ቁጥር ከ1990ዎቹ ወዲህ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ ስለዚህ ኢንዴክስ ፈንድ ኢኮኖሚውን በሙሉ አይዝም ሲሉም ያክላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ተቃዋሚዎቹ የእነዚህ ፈንዶች ክፍያ ከተለመደው እጅግ እንደሚበልጥ፣ ዋጋቸው በየቀኑ በገበያ እንደማይታወቅ፣ ሰው ገንዘቡን ሲፈልግም በቀላሉ እንደማይሸጡ ያነሣሉ። ዩኒቨርሲቲ መቶ ዓመት ይጠብቃል፤ ሥራ ያጣ ሠራተኛ አይጠብቅም። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ፣ ቢያንስ ከ0.04 እስከ 1.12 ያለውን ልዩነት ለሠራተኛው ማስረዳት ያልቻለ ሥርዓት ሌላ የክፍያ ዓይነት ከመጨመሩ በፊት።

ሁለቱም ወገኖች በበቂ የማያነሡት የወጣ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው አሠሪው ከመረጠው ዝርዝር ነጻ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሲለቅ ነው፤ ያኔ ገንዘቡን ወደ አዲሱ ፕላን ወይም ወደ ራሱ አይ አር ኤ ማዘዋወር ይችላል። ዕድሜው 59 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ በእጁ ከተቀበለው ግን ከግብሩ ሌላ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት አለ። ምንም ሳያደርግ ከሄደና ሂሳቡ ከ7,000 ዶላር ካልበለጠ፣ የቀድሞ አሠሪው ሳያስፈቅደው ገንዘቡን ከፕላኑ ሊያስወጣ ይችላል፤ ከ1,000 ዶላር በላይ ከሆነ በስሙ ወደተከፈተ አይ አር ኤ ይገባል። መመሪያው በዚያ አካውንት ውስጥ ዋናው ገንዘብ እንዳይነካ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ገንዘብ ገበያን በመሰለ ትንሽ ወለድ ላይ ነው። የአካውንቱ ዓመታዊ ክፍያ ከዚያ ወለድ ሲበልጥ፣ ለጥንቃቄ የተቀመጠው ገንዘብ ዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ሂሳቡ እንደተዛወረ የሚገልጸው ደብዳቤ የሚሄደው መዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ ሥራ ሲቀይር ቤትም የሚቀይር ሰው አድራሻውን ከመልቀቁ በፊት ቢያስተካክል ይሻለዋል።